ለጂም ወለል 10 ሚ.ሜ ጎማ ለሁሉም ቦታ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «160 ካሬ ሜትር አዳራሽ ላይ ጂም ልከፍት ነው። ከሥሩ ሌላ ክፍል የለም፤ ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ነው። ክብደት ማንሻ፣ ትሬድሚል፣ የኤሮቢክስ ቦታና ሻወር ይኖረዋል። ሻጩ ሁሉንም በ10 ሚ.ሜ ጎማ ጨርሰው ይለኛል። ያዋጣል?»

መልስ፦ 10 ሚ.ሜ ጎማ ለትሬድሚልና ለማሽኖች ቦታ ጥሩ ነው። ለሌላው ግን ወይ ያንሳል ወይ ጭራሽ አይሆንም። ወለል የሚመረጠው ላዩ ላይ ምን እንደሚወድቅ፣ ምን እንደሚሽከረከርና ምን እንደሚፈስ ታይቶ ነው። ስለዚህ አንድም ካሬ ሳይገዙ የየዕቃውን ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ያስምሩ።

ዳምቤል የሚነሳበት ቦታ ቢያንስ 20 ሚ.ሜ ይፈልጋል። ጎማ ምትን የሚያበርደው በመጨመቅ ነው። 30 ኪሎ ዳምቤል ከጉልበት ከፍታ ሲለቀቅ የሚያርፈው በጠባብ ጠርዙ ነው፤ ቀጭን ጎማ እዚያች ነጥብ ላይ መጨመቅ እስኪያቅተው ድረስ ይጨመቅና የቀረው ምት ወደ ሲሚንቶው ያልፋል። ከላይ ሲያዩት ጎማው ደህና ነው። ከሥሩ ግን ሊሾው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል፣ እየቆየ ይፈረፈራል፣ በመጨረሻም ጎማው እዚያ ቦታ ላይ ይሰረጉዳል። ያኔ ጎማ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ወለሉም መጠገን አለበት።

ዴድሊፍት (ክብደት የተጫነበትን ባር ከወለል ማንሳት) የሚሠራበት ቦታ ደግሞ ራሱን የቻለ መድረክ ያስፈልገዋል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 18 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ አምስት ይግዙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያንጥፉ፤ ሌሎቹን ሁለት በላያቸው በመስቀልኛ አዙረው ያሳርፉ፤ የላይኛው መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር መስመር እንዳይገጥም። 30 ሚ.ሜ ብሎን ይጠቀሙ፤ ሁለቱ ድርብ 36 ሚ.ሜ ስለሆነ ጫፉ ከታች አይወጣም። አምስተኛውን መሃል ላይ ያስሩት፤ በግራና በቀኝ በሚቀረው 61 ሳ.ሜ ላይ ከእንጨቱ እኩል ውፍረት ያለው ጎማ ያስገቡ። ጎማው 20 ሚ.ሜ ከሆነ የመሃሉም ጣውላ 20 ይሁን፤ የ2 ሚ.ሜ ልዩነት እንኳ እግር ያደናቅፋል።

ልኩ በግምት የመጣ አይደለም። በ2.2 ሜትሩ የኦሎምፒክ ባር ላይ የሁለቱ ወገን ክብደቶች ርቀት 1.31 ሜትር ነው። ስለዚህ ክብደቱ ከእንጨቱ ጠርዝ በየጎኑ 4 ሳ.ሜ ያህል ርቆ ጎማው ላይ ያርፋል፤ አንሺው ግን በጠንካራ እንጨት ላይ ይቆማል። ክብደቶችዎ የጎማ ልባስ የሌላቸው ብረት ከሆኑ የጎኑን ጎማ ከ30 እስከ 40 ሚ.ሜ ያድርጉት፤ መሃሉንም በዚያው ልክ ከፍ ያድርጉ። መድረኩን ከወለሉ ጋር በሙጫ አያጣብቁ፤ የተጎዳውን ክፍል ብቻ አውጥተው መቀየር ይችላሉ።

ትሬድሚል ሥር ለስላሳ የፎም ምንጣፍ አያስገቡ። እግሮቹ እኩል ስለማይሰምጡ ፍሬሙ ይጣመማል፣ ቀበቶውም ወደ አንድ ጎን መሸሽ ይጀምራል። ፎም የሚሆነው በባዶ እግር ሰውነት ለማፍታቻ ብቻ ነው።

ኤሮቢክስ ላይ የጎማ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጫማን አጥብቆ ይይዛል። ሰው በፍጥነት ሲዞር ሰውነቱ ይዞርና እግሩ ባለበት ይቀራል፤ ጥምዘዛውን የሚቀበለው ጉልበት ነው። እዚያ ከሥሩ ፎም ያለው የስፖርት ቪኒል ወይም ከሥሩ ስፕሪንግነት ያለው የእንጨት ወለል ያንጥፉ። ቪኒሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ ደርበው እንዳይተዉ፤ ከጎማው የሚወጣው ኬሚካል ቪኒሉን ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርገዋል፣ ምልክቱም በእጥበት አይለቅም።

ሻወር ላይ ጎማ አይታሰብም። ውሃ በመገጣጠሚያው ገብቶ ሥሩ ይቀመጣል፤ ሽታውን ማጥፋት አይቻልም። ሸካራ ሴራሚክ ይምረጡ። ሴራሚክ ምን ያህል እንደማያንሸራትት ከሚገልጹት ደረጃዎች «አር» የሚለው ለጫማ ነው፤ ለባዶ እግር የሚያገለግለው «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» የሚለው (ከፍተኛው «ሲ» ነው) ሲሆን ለሻወር ከ«ቢ» አይነስ። ወደ ፍሳሽ መውረጃው በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ ገደማ ያዘቅዝቅ፤ ውሃ የማያስገባ ልባስም ከሴራሚኩ በፊት ይቀባ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ሊሾው ነው። የ2 ሜትር ስታጋ (ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ) አጋድመው በየአቅጣጫው ይፈትሹ፤ ከ3 ሚ.ሜ በላይ ክፍተት ካለ በወለል ማስተካከያ ሲሚንቶ ይሙሉት። ከዚያ 45 በ45 ሳ.ሜ ላስቲክ በየማዕዘኑና መሃል ላይ አንጥፈው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ቢያንስ 16 ሰዓት ይተዉት። ሲገልጡት ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የተቀባ ሙጫ ይለቃል፣ ጎማውም ያብጣል። አዲስ ኮንክሪት በ28 ቀን ይጠነክራል እንጂ አይደርቅም፤ ለየ2.5 ሳ.ሜ ውፍረቱ አንድ ወር ያህል ይቁጠሩ። ከጠበቁም በኋላ እርጥበቱ ካልጠፋ ከመሬት ስለሚመጣ መጀመሪያ የእርጥበት መከላከያ ኢፖክሲ ይቀቡ።

ጎማውን ሲገዙ ይመዝኑት። የ10 ሚ.ሜ አንድ ካሬ 9 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት፤ በጣም ቀላል ከሆነ ውስጡ ክፍተት የበዛበት ነው። ጠርዙን በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ይሹት፤ ጥቁር ፍርፋሪ ከወጣ ማያያዣው ስላነሰው አይግዙት። ሮሉን ከማጣበቅዎ በፊት በአዳራሹ ውስጥ 24 ሰዓት ዘርግተው ያሳርፉ፤ ከግድግዳው 5 ሚ.ሜ ክፍተት ይተዉ። ለብክነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምረው ከአንድ የምርት ዙር ይግዙ፤ የቀለም ነጠብጣቡ ከዙር ዙር ይለያያል። ለዳምቤሉ ቦታ መቀየሪያ የሚሆኑ አራት ያህል ንጣፎችንም አሁኑኑ ያስቀምጡ፤ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።