ጌምሜከር የልጆች ነው ላሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በሆነው በጌምሜከር ጀምረሻል፤ ጓደኞችሽ «እሱ የጀማሪ ነው፣ ቁም ነገር አይሠራበትም» ስላሉሽ ዩኒቲ ወደሚባለው ሌላ ጌም መሥሪያ ልዙር ወይ ብለሻል። እኔ እዚህ ሐዋሳ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። አትዙሪ ነው የምልሽ፤ ምክንያቴን ልንገርሽ።

ስሙ የተበላሸው በቀላልነቱ ነው። ማርክ ኦቨርማርስ የሚባል ሆላንዳዊ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣው። ኮድ ሳይጽፉ እየጎተቱ መሥራት ስለሚቻል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሙከራ በሱ ሆነ። ሰው ያንን ጥሬ ሙከራ አይቶ መሣሪያውን ናቀ። ሆትላይን ማያሚም አንደርቴልም የተሠሩት ግን በዚሁ ነው።

ገደብ የለውም አልልሽም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አንድ ልጅ ዓሣውን ከአባ ኮዳ የሚያስጥልበት ጌም ሠርቼ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ችግር የለውም። የታናሽ ወንድሜ ርካሽ ስልክ ላይ ስጭነው ተንቀራፈፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጌምሜከርን ስረግም ከረምኩ። በኋላ ፕሮፋይለሩን፣ ማለትም የትኛው ኮድ ጊዜ እንደሚበላ የሚያሳየውን መሣሪያ ስከፍተው ጥፋቱ የኔ ነው። 300 ዓሣ አለኝ፤ እያንዳንዱ ሌላውን እንዳይነካ ሁሉንም ይፈትሻል። በአንድ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ አንዴ በተሳለ ቁጥር፣ ወደ 90,000 ፍተሻ ማለት ነው፣ ያውም በሰከንድ 60 ጊዜ! ፍተሻውን በየአሥር ፍሬሙ አደረግኩት፤ ከስክሪን ውጭ ያሉትን ዓሦች አስተኛኋቸው። ከዚያ በዋይዋይሲ፣ ማለትም ኮድሽን ፈጣን ወደሆነው ሲ ፕላስ ፕላስ የኮድ ቋንቋ ቀይሮ በሚያዘጋጀው አማራጭ አወጣሁት። ያው ስልክ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ።

አማርኛ ስትጽፊ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታይሻል። አትደንግጪ። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ፎንቱ ሲፈጠር የሚይዘው ከ32 እስከ 127 ያሉትን፣ የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነው። የፎንቱ የፊደል ክልል ላይ የግዕዝ ፊደል ቁጥሮችን፣ ከ4608 እስከ 4991 ጨምሪ፤ የመረጥሽው ፎንትም የግዕዝ ፊደል ያለው ይሁን። የኛ ፊደል ብዙ ነውና መጠኑን አታግዝፊው፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ምስል ስለሚቀመጥ ቦታ ይበላል።

እውነተኛው ግድግዳ ስሪዲ፣ ማለትም ጥልቀት ያለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ጌም ነው። መሳል ይችላል፤ ግን ካሜራውንም ሞዴሉንም ግጭቱንም ራስሽ በኮድ ትሠሪያለሽ፣ ስሪዲ ዓለም የምታዘጋጂበት ኤዲተር የለውም። ሐሳብሽ ስሪዲ ከሆነ ዛሬውኑ ጎዶት ወደሚባለው ጌም መሥሪያ ወይም ወደ ዩኒቲ ሂጂ። በጌምሜከር የሠራሽውን ለመሸጥም ካሰብሽ ፈቃድ መግዛት አለ፤ ለመማርና በነፃ ለማውጣት ግን አይከፈልበትም። ጎዶት ለሽያጭም ነፃ ነው።

አንቺ ግን ከጎን የሚታይ የሩጫ ጌም ነው ያልሽው፣ ግማሹንም ጨርሰሻል። እሱን ጨርሺውና ስልክ ላይ ጭነሽ ሞክሪው። ፊደሉ እምቢ ካለሽ ጻፊልኝ፤ የኔን የፎንት ቅንብር ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።