ዳዶውን ስፈታ ሞተሩ አብሮኝ ይዞራል፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

የደምቢያ ዋልካ ሲደርቅ ሞተር ሳይክሎቻችን ለጥገና ይሰለፋሉ። ፍሪሲዮኑ ያለቀ አለ፣ ማግኔቱ (ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ጋር የሚዞረው ኤሌክትሪክ አመንጪ) ውስጥ ውሃ የገባበት አለ፣ የፒኞኑ (ካቴናውን ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርሳም) ጥርስ የተበላም አለ። ሥራው ሲጀመር ግን ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ዳዶውን ሲያዞሩት ሞተሩም አብሮ ይዞራል። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የማግኔቱን ዳዶ ልፈታ ስል ክራንኩ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) አብሮ ይዞራል። ጓደኛዬ በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቪቴ ክተትና ፒስቶኑን አስደግፈው ይለኛል። ላድርገው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እንዳታደርገው! ፒስቶን አሉሚኒየም ነው። የካቻቪቴ ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ከገፋው ሊበሳው ይችላል። ፒስቶኑ ቢተርፍ እንኳ የካንዴላው ቀዳዳ ጥርስ ይበላል። ያኔ የዳዶው ነገር ይረሳህና ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ስታፈላልግ ትከርማለህ።

ገመድ ተጠቀም። አራዳ ገበያ ስትወርድ የትንሽ ጣትህን ውፍረት የማያክል የናይለን ገመድ ግዛ፣ አንድ ሜትር ከምናምን ይበቃል። የጥጥ ገመድ አይሁን፣ ክሩ እየተፈታ ውስጥ ይቀራል። የሚገባውን ጫፍ በክብሪት አቅልጠህ ድፈነው። ውጭ የሚቀረውን ቋጥረው፣ ተንሸራቶ እንዳይገባብህ።

ሞተርህ ፎር ስትሮክ ከሆነ ጊዜውን ማወቅ አለብህ። ካንዴላውን አውጥተህ አውራ ጣትህን ቀዳዳው ላይ አድርግ። ማግኔቱን ሞተሩ ሲሠራ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅህ ቀስ እያልክ አዙር። አየሩ ጣትህን መግፋት ሲጀምር ፒስቶኑ እያመቀ ነው፣ ሁለቱም ቫልቮች (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ ክዳኖች) ተዘግተዋል ማለት ነው። ይህን ሳታይ ገመድ ብትከት ቫልቭ ሥር ሊገባ ይችላል፣ ቫልቭም ይጣመማል። ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው አቁም። የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ብታስገባ ከፍታውን ይነግርሃል። ከዚያ ገመዱን እያጠፍክ ሙላው። ዳዶውን በምትፈታበት አቅጣጫ ቀስ አድርገህ አዙር። ፒስቶኑ ወጥቶ ገመዱን ሲጫነው ይቆማል። ገመዱ ጉልበቱን በፒስቶኑ ፊት ላይ ስለሚያከፋፍለው የሚጎዳ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ቱ ስትሮክ ነው፣ ቫልቭ የለውም። እንግዲያው የትም ላይ ቢሆን ገመድ መክተት እችላለሁ ማለት ነው? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ አትችልም። ቫልቭ ባይኖረውም የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ፒስቶኑ ታች ሆኖ ገመድ ከከተትክ ገመዱ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ፒስቶኑ ሲወጣም እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ፋሻውንም (የፒስቶኑን ቀለበት) ይዞት ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ፒስቶኑ ቀዳዳውን አልፎ ይዝጋ፣ ገመዱ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ገመድ ምን ያደርጋል? ማርሽ አስገብቼ የኋላ ፍሬን ብረግጥስ? (ከማራኪ)

መልስ፦ እንደምትፈታው ዳዶ ነው። የፒኞን ዳዶ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፣ ፍሬኑ በካቴናው በኩል ፒኞኑን ቀጥታ ይይዘዋል። ግን ካቴናውን ሳታወልቅ ነው! ብዙ ሰው ካቴናውን ካወለቀ በኋላ ነው ዳዶው ትዝ የሚለው።

የፍሪሲዮን መሀል ዳዶም በዚህ ይፈታል፣ እሱ የተቀመጠበት ዘንግ ወደ ማርሾቹ ይሄዳልና። አስቀድመህ የታጠፈ ሮንዴላ ካለበት ቀና አድርገው።

የማግኔት ዳዶ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ጉልበቱ በፍሪሲዮን ሸራዎቹ (እርስ በርስ ተጣብቀው በሚይዙት ሳህኖች) በኩል ያልፋል። ሸራዎቹ የሳሱ ከሆኑ ይንሸራተታሉ፣ ሞተሩም እየዞረ ይስቅብሃል። ከሞከርከው የመጨረሻውን ማርሽ አስገባ። አንደኛ ማርሽ ጉልበት ስለሚያበዛ ፍሬኑ አይችለውም። ሞተር ሳይክሉ ላይ አንድ ሰው ይቀመጥበት፣ ጎማው መሬት ይንከስ።

ጥያቄ፦ እኔ በሥራ ምክንያት ገጠር ለገጠር የምዞር ሴት ነኝ፣ ሞተሬን ራሴ እከፍታለሁ። በቪዲዮ አሜሪካኖቹ ሞተሩ እንዳይዞር በሁለት ማርሾች ጥርሶች መሀል ሳንቲም ሲያስገቡ አየሁ። የእኛም ሳንቲም ይሠራል?

መልስ፦ ጎበዝ! ዘዴው ትክክል ነው፣ ሳንቲሙ ነው ችግሩ። እነሱ የሚያስገቡት የድሮውን አንድ ሳንቲማቸውን ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1982 በፊት የተመታው በአብዛኛው መዳብ ነበር። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ማርሹን ሳይጎዳ ራሱ ይጨፈለቃል። የእኛን አንድ ብር ግን ማግኔት አስጠጊበት፣ ይስበዋል። ውስጡ ብረት ነው። ብረት በብረት መሀል ከገባ የማርሽ ጥርስ ይሰበራል። በሱ ፋንታ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ግዢና አጥፈሽ ተጠቀሚበት፣ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ። የምታስገቢውም የክራንኩ ማርሽና የፍሪሲዮኑ ትልቅ ማርሽ በሚነካኩበት ቦታ፣ ወደ ሥራቸው ጠለቅ አድርገሽ ነው። ስትጨርሺ ፍርፋሪውን ልቀሚ፣ ዘይት ውስጥ እንዳይቀር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በአንዳንድ ሞተሮች የክራንክ ማርሹ ዳዶ የግራ ጥርስ ነው፣ በቀኝ ነው የሚፈታው። እምቢ ሲልሽ ረጅም ቧንቧ ከመጨመርሽ በፊት የሞተሩን መጽሐፍ እዪ።

ጥያቄ፦ በአየር የሚመታው ማሽን ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

መልስ፦ ለመፍታት እውነትህን ነው፣ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ሞተሩ ሳይዞር ዳዶው ይለቃል። ለማጥበቅ ግን አልፈቅድልህም። ስንት እንደጠበቀ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ዳዶው ወጣልኝ፣ ማግኔቱ ግን ከዘንጉ አልላቀቅ አለ። መዶሻ ልጠቀም ወይ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መዶሻውን አስቀምጥ። ማግኔቶቹ ይሰነጠቃሉ፣ ክራንኩም ይጣመማል። በካቻቪቴ ከጎን መፈልቀቅም ያው ነው፣ ከሥሩ ያሉት መጠምጠሚያዎች ይበጠሳሉ። ለማግኔትህ ልክ የሆነ ፑለር (ስቦ ማውጫ መሣሪያ) ተዋስ። በብዙ ሞተሮች ፑለሩ የሚገባበት ጥርስ የግራ ነው፣ ወደ ግራ እያዞርክ አስገባው። እስከ መጨረሻው መግባቱን ሳታይ መሀሉን ቡሎን አታጥብቅ፣ ጥርሱ ከተላጠ መውጫ የለህም። ሲላቀቅ ዘንጉ ላይ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ብረት እንዳትጥላት፣ የእሳቱን ጊዜ የምታስተካክለው እሷ ናት።





ጥያቄ፦ ስመልሰው በዚያው ገመድ አጠብቃለሁ? (ከአዘዞ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)

መልስ፦ አዎ፣ ግን ከሌላኛው በኩል። ስታጠብቅ ክራንኩ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ በዚያ በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይውረድ፣ ገመዱን ያኔ ክተት። ቫልቮቹ ገና እንደተዘጉ ናቸው። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው ቁልፍ)፣ መጽሐፉ ባለው ልክ አጥብቅ።

ከዚያ ፒስቶኑን ወደመጣበት ትንሽ መልሰህ ገመዱን በቀስታ አውጣው። እምቢ ካለ አትጎትት፣ አሁንም ትንሽ መልሰው። ሲወጣ ጫፉን እይ። የጎደለ ክር ካለ በባትሪ መብራት ውስጡን ፈልገህ ሳታወጣው ካንዴላውን አትመልስ።