ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ፦ ስለ መመረዝ ጥያቄና መልስ

«እህቴ በንዴት ብዙ ፓራሲታሞል ዋጠች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ብናደርሳትም ለመድኃኒቱ ምርመራ ደም የተቀዳላት ከሰዓታት በኋላ ነው። ቸልተኝነት አይደለም?»

አይደለም። ከተዋጠ 4 ሰዓት ሳይሞላው የተቀዳ ደም የመድኃኒቱን መጠን በትክክል አያሳይም፤ ገና ከሆድ ወደ ደም እየገባ ነውና። ሐኪሞቹ «ስንት ሰዓት ላይ ዋጠች?» እያሉ የሚጨቀጭቋችሁም ለዚህ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ከዋጠች በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቷ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ታማሚዋ ተነሥታ ቁርሷን ልትበላ፣ የጉበት ምርመራዋም ደህና ሊመስል ይችላል። ቤተሰብ «ተሻላት» ብሎ ይወስዳታል፤ የጉበቷ ጉዳት የሚገለጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እባካችሁ ሐኪም ሳይፈቅድ አታስወጧት። አልጋዋ አጠገብ ቆማችሁም አትቆጧት፤ የልቧን የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል።

«ወንድሜ ራሱን ስቶ ገባ፤ የሽንት ምርመራው ግን ምንም አላገኘም። ታዲያ ምን ነካው?»

ይህ ምርመራ የሚለየው የታወቁ ጥቂት ዕፆችን ብቻ ነው። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ እንኳ በተለመደው ምርመራ ብዙ ጊዜ አይታይም። በአንጻሩ ካናቢስ ከተጨሰ ከቀናት በኋላም ስለሚገኝ የዛሬው ሕመም መንስኤ እሱ ነው አያሰኝም። ራሱን ለሳተ ሰው የሚቀድመው ከጣት ጫፍ የሚወሰደው የስኳር ምርመራ ነው።

«አባቴ ፀረ ተባይ ሲረጩ ውለው ታመሙ። የደም ውጤት ሳይመጣ ለምን መርፌ ወጓቸው?»

ቢጠብቁ ኖሮ ነበር የምቆጣው። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ሲጠብ፣ ምራቅና ላብ ሲዝረበረብ፣ ደረት በፈሳሽ ሲሞላ፣ ምርመራው ያ ነው፤ ማርከሻው መርፌ አትሮፒን ደረቱ እስኪጠራ ይደጋገማል። አንዲት እናት ልጃቸው የጠጣበትን ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያመጡ አይቻለሁ። ግማሹ ከተላጠው ወረቀት ላይ «ማላታዮን» የሚለውን የፀረ ተባይ ስም አንብበን ወዲያው ሥራ ጀመርን። ላብራቶሪው ያንን ስም በዚያች ሌሊት አይነግረንም ነበር።

«ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ያደረችው ልጄ ኦክስጅኗ 98 ነው ተባለ፤ ራስ ምታቷ ግን አልተዋትም።»

ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ከከሰል በሚወጣው መርዛማ ጋዝ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ቁጥሩ አያጽናናችሁ፤ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሯቸውና በጭንብል ኦክስጅን ይጀመርላት። አብረዋት ያደሩትም ሁሉ ይመርመሩ።