የአንገትና የብብት ቆዳ ድንገት ሲጠቁር

ጥያቄ፦ አባቴ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ የሚኖሩ የ61 ዓመት ገበሬ ናቸው። ከክረምት ወዲህ የአንገታቸውና የብብታቸው ቆዳ ጠቁሮ ወፍሯል፤ መዳፋቸው ሻክሯል፤ ልብሳቸውም ሰፍቷቸዋል። ጎረቤት ፀሐይ ነው ይላል፤ ቅባት ግን አልረዳቸውም። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልንወስዳቸው አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቆዳ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፍሮ ሲጠቁር አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከካንሰር ጋር አይገናኝም፤ በውፍረትና በስኳር በሽታ ሳቢያ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚወጣ ነው። ፀሐይ ግን አይደለም፤ ብብትን ፀሐይ አያገኘውም።

አባትዎን በተመለከተ የሚያሳስበኝ ጥቁረቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ተስፋፍቶ፣ መዳፍን አሻክሮ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ከሥሩ ካንሰር ሊኖር ስለሚችል መመርመር ግድ ይላል፤ ቀድሞ የሚጠረጠረውም የጨጓራ ካንሰር ነው። ዕጢው የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች የቆዳን ሕዋሳት እንዲባዙ ያነሣሣሉ ተብሎ ይታመናል፤ ካንሰሩ ወደ ቆዳ ተሰራጭቷል ማለት ግን አይደለም። ቅባቱ ያልረዳቸውም መንሥኤው ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ምርመራው ግን ሱባኤው እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ለሐኪሙ የቆዳውን ለውጥ ብቻ ሳይሆን ክብደት መቀነሳቸውን፣ ጥቂት በልተው ቶሎ ይጠግቡ እንደሆነ፣ ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ መኖሩን ይንገሩት። የደም ስኳርና የደም ማነስ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ዋናው ግን ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ከውስጥ ማየት) ነው፤ እዚያ ካልተገኘ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ያጽፉ። የጨጓራ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ እየዋጡ መቆየት በአካባቢያችን የተለመደ ቢሆንም፣ ሕመሙን አስታግሦ ካንሰሩን ሊሸፍን ስለሚችል አልመክረውም። ጨጓራው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ሌሎች የሆድ ዕቃዎችን ያያል።

በዚሁ አጋጣሚ እግራቸውንም ይዩላቸው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር ሲሆን፣ ገበሬው የእሾህ ጠባሳ መስሎት ያልፈዋል።

የጨጓራ ወይም ሌላ የውስጥ ካንሰር ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ከወጣ የጠቆረው ቆዳ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ ዳግም መጥቆር ከጀመረ በሽታው ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪማቸው ይመለሱ።