«የሙቀት መጠን» ስንል በዲግሪ ነው ወይስ በጁል?

ጥያቄ፦ ስለ ቡናማ ስብ (ሙቀት ስለሚያመነጨው የስብ ዓይነት) የሠራሁትን የምርምር ጽሑፍ በአማርኛ ሳሳጥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ኖርአድሬናሊን ከተጨመረ በኋላ የቡናማ ስቡ የሙቀት መጠን በእጥፍ ጨምሮ ተለካ።» አማካሪዬ ከጎኑ «የጨመረው ምኑ ነው?» ብለው ጻፉበት። ሰዋስዉ የተበላሸ አይመስለኝም። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉስ ደህና ነው። ነገር ግን «የሙቀት መጠን»፣ «በእጥፍ»፣ «ስብ» እና «ተለካ» እያንዳንዳቸው ለሁለት ትርጉም የተጋለጡ ናቸው። አራቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ አንባቢው የሚይዘውን ያጣል።

ዋናው ጣጣ «የሙቀት መጠን» ነው። የአየር ትንበያ «የነገው ከፍተኛ የሙቀት መጠን 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል» ሲል ማንም አይሳሳትም። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው ግን ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ነው፤ ሙቀት ደግሞ የሚቆጠረው በጁል እንጂ በዲግሪ አይደለም። ለነገ ልብስ ለሚመርጥ ሰው ይህ ልዩነት ምንም አያመጣም። ስለ ስብ ሕዋስ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ሁለቱ ፈጽሞ አብረው አይሄዱም። እስቲ እናስላው። በኖርአድሬናሊን (ሰውነት ሲበርደው ስቡን በሚያነቃቃው ኬሚካል) የተነቃቃ አንድ ቡናማ የስብ ሕዋስ የሚያመነጨው ሙቀት በናኖዋት የሚነገር ነው። 1 ናኖዋት እንበል፤ ሕዋሱም ውሃ ውስጥ ያለ፣ ሬዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ሉል ይሁን። ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ በሜትር በኬልቪን 0.6 ዋት ገደማ ነው። 1 ናኖዋቱን ለ4 ፓይ፣ ለ0.6 እና ለሬዲየሱ ብዜት ሲያካፍሉት ሕዋሱ በዙሪያው ካለው ውሃ የሚበልጠው በ0.00001 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀት ማመንጨቱ ዐሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ ልዩነቱ ከ0.0001 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ውሃው ሙቀቱን ወዲያው ይወስደዋላ!

በሙቀት ብርሃናቸው በሚለዋወጥ ቀለሞች አማካይነት «በአንድ ሕዋስ ውስጥ የዲግሪ ልዩነት አየን» የሚሉ ጽሑፎች ክርክር ያስነሡት በዚሁ ስሌት የተነሣ ነው። የቀለሙን ብርሃን የአሲድነት ለውጥ፣ የፈሳሹ መወፈርና የቀለሙ ቦታ መቀየርም ይለውጡታል። ስለዚህ «ብርሃኑ በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ» ብሎ መጻፍ የታየውን መናገር ነው፤ «ሕዋሱ በ2 ዲግሪ ሞቀ» ማለት ግን መደምደሚያ ነው፣ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ በዲግሪ ለሚነገረው «መጠነ ሙቀት»፣ በጁል ለሚቆጠረው «ሙቀት» ብቻውን፣ በዋት ለሚነገረው «ሙቀት የማመንጨት ፍጥነት»። «መጠነ ሙቀትም እኮ ያው ሁለት ቃል ነው» የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ሆኖም በጥምር ስምነት ረግቶ ለአንድ ትርጉም ተለይቷል፤ «የሙቀት መጠን» ግን ገና ልቅ ሐረግ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ መለኪያው አብሮ ይጻፍ። ያለ መለኪያ የቆመ «ሙቀት ጨመረ» በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ግሱም ይረዳዎታል። አማርኛ «ሞቀ» እና «አሞቀ» ብሎ የሚለያቸው ነገሮች ሳይንሱ የሚፈልጋቸው ናቸው። ቡናማ ስብ ሥራው ማሞቅ ነው፤ ራሱ ብዙ ላይሞቅ ይችላል፣ ደም በውስጡ እያለፈ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። በአይጥ ትከሻ አጥንቶች መካከል ያለውን ቆዳ በሙቀት ካሜራ ያነሣ ተመራማሪ ያየው ቆዳው መሞቁን ነው፤ ስቡ ማሞቁን አይደለም። ጸጉሩ ካልተላጨ፣ የቆዳው የደም ሥሮች ከሰፉ ወይም ማደንዘዣው ራሱ ስቡን ካዳከመው ሥዕሉ ያሳስታል። እንግዲህ «የቆዳው መጠነ ሙቀት ከፍ አለ» ይበሉ፤ «ስቡ ሙቀት አመነጨ» የሚለውን ከሌላ ልኬት ጋር ሲያገናዝቡት ይጻፉት።

«በእጥፍ» ለዋትና ለጁል ይሠራል፣ ለሴንቲግሬድ አይሠራም። ዜሮው የበረዶ መቅለጫ ስለሆነ 20 ዲግሪ የ10 ዲግሪ እጥፍ አይደለም። የእርስዎን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ከ37 ወደ 74 ዲግሪ ሊያስብ ነው፤ ሕዋሱ ደግሞ ያን ጊዜ ተቀቅሏል።

ስለ «ስብ» ባጭሩ። ጮማና ሞራ ከሥጋ ቤት ቋንቋ ስለሆኑ እዚህ አይገቡም፤ ቅባትም ለምግብ ይሻላል። «ስብ» ይበቃል፣ ግን ንጥረ ነገሩንም አካሉንም ይጠራል። ጋዜጦች «ቡናማ ስብ ይቃጠላል» ሲሉ ነገሩን ገለበጡት፤ ቡናማ ስብ ያቃጥላል እንጂ። የሚቃጠለው በውስጡ የተከማቸው ስብና ከደም የሚመጣለት ስኳር ነው። ስለ አካሉ ሲሆን «የስብ ኅብረ ሕዋስ»፣ ስለ ነጠላው «የስብ ሕዋስ»፣ ስለ ንጥረ ነገሩ «ስብ» ቢሉ ይጠራል።

የቀረው «ተለካ» ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሙቀትን በቀጥታ የሚለካ ካሎሪሜትር ነው፤ ለሕዋስ የሚሠራው ዓይነት በማይክሮዋት ያነባል። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ላቩዋዚዬና ላፕላስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጊኒ ፒግን ሙቀት በቀለጠ በረዶ ሲመዝኑ ያደረጉት መለካት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቤተ ሙከራ የሚለካው ግን ኦክስጅንን ነው፤ ሙቀቱ ይሰላል። አንድ ሞል ኦክስጅን ሲፈጅ 450 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይለቀቃል። ስለዚህ በመሞከሪያ ሳህን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት በደቂቃ 200 ፒኮሞል ከወሰዱ 90 ማይክሮጁል በደቂቃ፣ ማለትም 1.5 ማይክሮዋት ይሆናል። ሕዋሳቱ ስኳርን ያለ ኦክስጅን ወደ ላክቴት እየለወጡ ከሆነ የዚያ ሙቀት ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ቁጥሩ ያንሳል።

«የኦክስጅን ፍጆታ ተለካ» ብለውም ምኑን እንደለኩ ይግለጹ። በተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መነሻው ይነበባል፤ ኦሊጎማይሲን የተባለው ኬሚካል ሲጨመር ኤቲፒ (ሕዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበትን የኃይል ሞለኪውል) ለመሥራት የሚውለው ፍጆታ ይቆማል፣ የሚቀረው ፕሮቶን በማይቶኮንድሪያ (በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ) ውስጠኛ ሽፋን በኩል ሲሾልክ የሚፈጀው ነው። ከዚያ ኖርአድሬናሊን ይከተላል፤ ዩሲፒ1 የተባለው፣ ፕሮቶን እንዲሾልክ የሚያደርገው ፕሮቲን ሲከፈት ፍጆታው ይዘላል። ኤፍሲሲፒ ሽፋኑን ለፕሮቶን ከፍቶ የፍጆታውን ጣሪያ ያሳያል፤ ሮተኖንና አንቲማይሲን የተባሉት መርዞች የማይቶኮንድሪያውን ፍጆታ ዘግተው ሌላውን ያስቀራሉ። እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ፦ ኖርአድሬናሊን ስብን ሲያፈርስ የሚለቀቀው የስብ አሲድ በዝቶ ከተጠራቀመ ዩሲፒ1 በሌለው ሕዋስም ሽፋኑን ያሾልካል። ከስብ አሲድ የጸዳ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ሕዋሳቱ ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ የሚጨመረው ይህን እንዲይዝ ነው። አልቡሚን ካልነበረ «የዩሲፒ1 ሙቀት» ብለው አይጻፉ፤ «የሾለከ ፍጆታ» ይበሉት። «ለኤቲፒ የዋለው ፍጆታ ሙቀት አይሆንም» የሚል ዐረፍተ ነገርም አያስገቡ፤ ኤቲፒው ሲጠፋ እሱም መጨረሻው ሙቀት ነው።

የእርስዎ መረጃ ከኦክስጅን የተሰላ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ይስተካከላል፦ «ኖርአድሬናሊን ሲጨመር የቡናማ ስብ ሕዋሳቱ የኦክስጅን ፍጆታ በእጥፍ ጨመረ፤ ከዚህ የተሰላው ሙቀት የማመንጨት ፍጥነት ከ1.5 ወደ 3 ማይክሮዋት ከፍ ይላል።» ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ።

ሌላ ሁለት ነገር። «የክፍል ሙቀት» ብለው አይለፉት፤ ለእኛ የሚስማማው 22 ዲግሪ ለአይጥ ብርድ ነው፣ ቡናማ ስቧም ሳይነካ ይሠራል። ብርድ የማይሰማት 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ዲግሪውን ይጻፉ። «ወደ» ደግሞ በአማርኛ አቅጣጫም ግምትም ነው፦ «መጠነ ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ከፍ አለ» 38 መድረሱን ይሁን 38 ገደማ መሆኑን አይለይም። መነሻው አብሮ ሲጠቀስ፣ ከላይ እንደጻፍኩት፣ ይጠራል፤ መነሻ ከሌለ «38 ዲግሪ ደረሰ» ወይም «በ1 ዲግሪ ጨመረ» ይበሉ።