ቅዳሜ ትመጣለህ? ስንት ታስከፍላለህ? የእረፍት ቀን ሥራ ጥያቄና መልስ

ሃያ ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ። አሁን መፍቻውን የሚይዙት ሌሎች ናቸው። እኔ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ አወጣለሁ፣ ዋጋ እናገራለሁ። ስለ ቅዳሜና እሁድ ሥራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ከባለሙያዎች ነው። ከደንበኞችም የመጣ አለ፣ አንዷ ቆጣ ብላለች። ስሌት ሲያስፈልግ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ 100 ነው እያልኩ እሄዳለሁ። እናንተ በየራሳችሁ ዋጋ ቀይሩት።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ለቅዳሜና እሁድ ስንት ልጨምር? እጥፍ ማለት አይበዛም?

በሙያው በሰፊው የተለመደው ለቅዳሜ አንድ ተኩል፣ ለእሁድ እጥፍ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት የኢንዱስትሪ ሠራተኛን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ አቆመው። ለትርፍ ሰዓት ደግሞ ቢያንስ 1.25 እጥፍ ይከፈል አለ። አሜሪካ በ1938 ባወጣችው ሕግ 1.5 እጥፍ አደረገችው። እነዚህ ግን ለተቀጣሪ የወጡ ናቸው። አንተ የራስህ አለቃ ከሆንክ ዋጋህን የምታወጣው አንተ ነህ።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። እሁድ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ በዚህ ዋጋ ደስ ብሎህ ትነሳለህ ወይስ እየተነጫነጭክ? እየተነጫነጭክ ከሆነ ዋጋህ አንሷል። ጭማሪው ደንበኛን መቅጫ አይደለም፤ የግድ የሆነውን ሥራ ሰኞ ከሚደርሰው ሥራ የሚለይልህ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጭማሪው በእጅ ዋጋ ላይ ብቻ ነው፣ በዕቃ ላይ አይደለም። የ3 ሰዓት ሥራ ከሆነና የ200 ዕቃ ከገባበት፣ በሥራ ቀን 300 ሲደመር 200፣ 500 ይመጣል። በ1.5 ሲሰላ 450 ሲደመር 200፣ 650 ነው። አንዳንዱ 500ን አንድ ላይ በ1.5 አባዝቶ 750 ይላል። ያቺ የ100 ልዩነት ናት ደንበኛን የምታስቀይመው። የበሩ ቁልፍ የተገዛው ማክሰኞ ነው፤ እሁድ ሲገጠም ለምን ይወደዳል?

ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ ግን አፌን አውጥቼ መናገር ያቅተኛል። ይሉኝታ ይይዘኛል። በተለይ ደንበኛው ተጨንቆ ሲደውል።

ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

እኔም እንዳንተ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሰውየው "ቤቴ ውሃ ሞላ" ብሎ ደወለ። ሻንጣዬን አንስቼ ሮጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተንበርክኬ ሠራሁ። ስጨርስ ሂሳቡን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። "በስልክ ብትነግረኝ እኮ ባልዲ ደቅኜ አድር ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ግማሹን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ። እሱ ተበላሁ ብሎ፣ እኔ ከሰርኩ ብዬ ተለያየን። ሁለታችንም የተጎዳነው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው፤ ሻንጣው ከመነሳቱ በፊት ዋጋው ይነገራል። እንዲህ ነው የምለው፦ "እመጣለሁ። ዛሬ እሁድ ስለሆነ የእጅ ዋጋ እጥፍ ነው፣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት አስከፍላለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሆነ በመደበኛው ዋጋ ነው። የቱ ይሻልዎታል?" ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ነው ከባዱ። ብዙ ሰው እዚህች ጋ "ግን ላስተካክልልዎ እችላለሁ" ብሎ ራሱን ይቀንሳል። ምላስህን ያዝ። ደንበኛው እያሰበ ነው፣ ይጨርስ።

ወዲያው ደግሞ በቴክስት ላክለት። አንድ መስመር ይበቃል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ። "እሺ" ብሎ ሲመልስልህ ነው ሥራው የተጀመረው።

የምሠራው ሦስት ረዳት ቀጥሬ ነው። ደንበኛን 1.25 እጥፍ አስከፍላለሁ፣ ግን እሁድ በሠራሁ ቁጥር የሚተርፈኝ ያንሳል። የት ነው የተሳሳትኩት?

ለረዳትህ በሰዓት 40 ትከፍላለህ እንበል። በሥራ ቀን ደንበኛው 100 ሲከፍል 60 ይቀርሃል። በዚያች 60 መኪናህን፣ መሣሪያህን፣ ስልክህን፣ ራስህንም ትችላለህ። የእሁድ ክፍያው እጥፍ ከሆነ ረዳቱ 80 ይወስዳል። ደንበኛው 125 ሲከፍል የሚቀርህ 45 ነው። የእረፍት ቀንህን ሰጥተህ በሰዓት 15 ከሰርክ ማለት ነው። በ1.5 ብታስከፍል 150 ሲቀነስ 80፣ 70 ይሆናል። እጥፍ ብታስከፍል ደግሞ 120።

ስለዚህ መጀመሪያ የአገርህ የሥራ ሕግ ለረዳቱ ስንት ክፈል እንደሚል እይ። የደንበኛውን ዋጋ ከዚያ ተነስተህ አውጣ። ሰዉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው።

ረዳቱን "ቅዳሜን በሌላ ቀን አካክስልሃለሁ" ብሎ ማለፍም አለ። ሕጉ ከፈቀደና ልጁ ከተስማማ ጥሩ ነው። ግን ያ ሌላ ቀን የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ቀኑን ጽፈህ ስጠው።

ደንበኛ ነኝ። እኔም ከሰኞ እስከ አርብ እሠራለሁ። ቤት የምገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሥራ ስላለኝ ነው የምቀጣው?

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ባለሙያውም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፣ ቅዳሜን የሚፈልጋት አንቺ በምትፈልጊያት ምክንያት ነው።

የሚቀንስልሽ መንገድ አለ። የማያስቸኩል ሥራ ከሆነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ያዢ፤ የቅዳሜን ጠዋት ጠይቂ። በርካታ ባለሙያ ቀድሞ ለተያዘ የቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ብቻ ይጨምራል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይጨምርም። ውዱ አርብ ማታ ተደውሎ "ነገ ና" የሚባለው ነው። ሌላው መንገድ ጥቃቅኑን ማጠራቀም ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የላላ ማጠፊያ፣ የማይሠራ ሶኬት፤ በአንድ ጉዞ ይለቁ። ባለሙያው ለመምጣቱ ብቻ የሚጠይቀውን የመነሻ ክፍያ ሦስት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ ይሻላል። ወይም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት በር የሚከፍት የምታምኚው ሰው ፈልጊ።

ድንገተኛ የሚባለው የቱ ነው? ደንበኛ ሁሉ "ድንገተኛ ነው" ይላል።

እስከ ሰኞ ቢቆይ ሰው የሚጎዳ ወይም ቤት የሚያበላሽ ነው። የማይቆም ውሃ፣ የጋዝ ሽታ፣ የሚቃጠል ሽታ ያለው ሶኬት፣ የማይዘጋ የውጭ በር፣ በቤቱ ያለው ብቸኛ ሽንት ቤት መደፈን። የተሰነጠቀ ሴራሚክ አይደለም።

ውሃ ከሆነ ከመነሳትህ በፊት በስልክ ዋናውን መዝጊያ አዘጋው። ብዙ ሰው መዝጊያው የት እንዳለ አያውቅም። "ቆጣሪው አጠገብ ይሂዱ፣ ክብ እጀታ ካለው የግድግዳ ሰዓት ወደሚዞርበት ያዙሩት፣ ዘንግ ከሆነ ከቧንቧው ጋር መስቀል እስኪሠራ ያዙሩት" በለው። ኤሌክትሪክ ከሆነ ዋናውን ብሬከር ያውርድ። ጋዝ ከሸተተው መብራት አያብራ፣ አያጥፋም፤ ቤቱን ለቆ ይውጣና ከውጭ ሆኖ ለድንገተኛ አደጋ ይደውል፤ ያ የአንተ ሥራ አይደለም።

ውሃው ሲቆም ግማሾቹ "በቃ ሰኞ ና" ይላሉ። ገቢ አጣሁ ትል ይሆናል። እኔ ግን ትርፍ ብዬ ነው የምይዘው። በስልክ በነጻ የረዳኸው ሰው ሰኞ ሌላ ባለሙያ አይፈልግም።

አርብ የጀመርኩት ሥራ ወደ ማታ ቢገፋ፣ ወይ ቅዳሜን ቢነካ፣ ትርፍ ሰዓት አስከፍላለሁ?

ያዘገየው ማነው? ደንበኛው በሩን ዘግቶ ሄዶ ሁለት ሰዓት ካስጠበቀህ፣ ወይ መሀል ላይ "ይሄንንም ጨምርልኝ" ካለ፣ አዎ። ዕቃ ረስተህ ተመልሰህ የሄድከው አንተ ከሆንክ፣ በፍጹም። በቁርጥ ዋጋ የተስማማኸው ሥራ ከሆነም አይነሳም፤ ግምቱ የራስህ ነበር።

ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ሳይሆን በፊት ተናገር። 10 ሰዓት ተኩል ላይ እጅህን ታጥበህ "አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረኛል። ዛሬ ከጨረስኩት ከ11 በኋላ ያለው በትርፍ ሰዓት ነው፤ ካልሆነ ሰኞ በመደበኛው" በል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ደንበኞች "ቅዳሜና እሁድ ሁለት ቀን አለህ፣ ጨርሰው" ይሉኛል።

ሴራሚክ ሁለት ቀን ስለተሰጠው አያልቅም። የተለመደው ማጣበቂያ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር ከመሞላቱ በፊት 24 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን ከረጢቱ ላይ ታነበዋለህ። ቅዳሜ ስታነጥፍ ውለህ እሁድ ጠዋት ብትረግጠው አንዱ ይንቀሳቀስና መስመሩ ይበላሻል። ሁለቱን ቀን በጭማሪ ከፍለውህ ሰኞ ቅሬታ ይዘህ ትመለሳለህ።

ገልብጠው። ሐሙስና አርብ አንጥፍ። ቅዳሜና እሁድ ማጣበቂያው ይሥራ፣ እሱ ትርፍ ሰዓት አይጠይቅም። ሰኞ ተመልሰህ መስመሩን ሙላ። ለቀለምም፣ ለልስንም፣ ለኮንክሪትም እንዲሁ ነው። የሚደርቅ ነገር ባለበት ሥራ ሁሉ የእረፍት ቀኑን ለመድረቂያው ስጠው። ደንበኛው ቅዳሜ ካልመጣህ ብሎ ሲጨቀጭቅህም ይሄንኑ ንገረው፣ አብዛኛው ሲገባው ደስ ይለዋል።

የዘመድና የጓደኛ ሥራስ? ሁሉም እሁድ ነው የሚደውለው።

ወይ በነጻ ሥራ ወይ በሙሉ ዋጋ። መሀሉ ላይ ያለው ነው የሚያጣላው። በነጻ ከሆነ ደግሞ አንተ በተመቸህ ቀን።

ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘው አርብ ማታ የሚሰርዙ ሰዎች አስመርረውኛል።

ቀብድ ተቀበል። የእረፍት ቀን ቀጠሮ ያለ ቀብድ አልይዝም። የሁለት ሰዓት የእጅ ዋጋ በቂ ነው፤ ሲጨርሱ ከሂሳባቸው ይቀነሳል። ከ48 ሰዓት በፊት ከሰረዙ ይመለስላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ይቀራል። ይሄንንም በቴክስት። ለቅሶ ወይ ሕመም ከሆነ መልስላቸው፣ ሰው ሁን።

ገንዘቡ ስለሚጥም ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሠራሁ። ወጣት ነኝ፣ እችላለሁ። ችግሩ ምንድን ነው?

እኔም እችላለሁ ብዬ ነበር። ዘጠነኛው ተከታታይ የሥራ ቀኔ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት፣ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ እያገናኘሁ ነበር። ማያያዣዋን በእጄ አዞርኳት። ያኔ ስልኬ ጮኸ፣ ሌላ ደንበኛ ነው፤ እያወራሁ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። በመፍቻ ማጥበቁን ረሳሁት። ውሃው ወዲያው አልፈሰሰም። ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ማያያዣዋ ለቀቀች። የታችኛው ቤት ኮርኒስ ወረደ። ያን ኮርኒስ ያሠራሁት በራሴ ኪስ ነው፤ የአምስት እሁድ ጭማሪ ሄደበት።

እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ሌላ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት አለ፤ ለኢንዱስትሪ ሠራተኛ በየሰባት ቀኑ ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እረፍት ይሰጥ ይላል። ለራስህም አድርገው። እኔ አሁን ቡድኑን በወር ሁለት ቅዳሜ ነው የማሠራው፤ እሁድ ለድንገተኛ ብቻ፣ ያም በተራ። ተረኛው ስልኩን ይይዛል፣ ሰኞ ወይ ማክሰኞ ያርፋል። የቅዳሜ ቀጠሮ ሲሞላ ሞላ ነው። "ለዛሬ ብቻ" ብለህ አንዷን ስትጨምር ነው የሚበላሸው።

የሠራሁት ነገር እሁድ ቢበላሽና ደንበኛው ቢደውል፣ የእሁድ ዋጋ ልጠይቅ?

ጥፋቱ የአንተ ከሆነ ምንም አትጠይቅ፣ የመነሻም ቢሆን። ደንበኛው የገዛው ዕቃ ከሆነ የተበላሸው፣ ያ ሌላ ነው፤ ይከፍላል። የማን እንደሆነ ካላወቅክ "አይቼ ከእኔ ከሆነ በነጻ፣ ካልሆነ በእሁድ ዋጋ" ብለህ በስልክ ተስማማ። ከዚያ ሂድ። ማያያዣዋንም በመፍቻ አጥብቅ።