ማሰሪያው ራሱ ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ ሰው የ2011 (እ.ኤ.አ.) «ናይክ ማግ» ጫማ በ900 ዶላር ልሽጥልህ አለኝ። ማሰሪያው በራሱ ይጠብቃል ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ማግ በ1989ኙ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር 2» ፊልም ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርቲ ያደረገው ጫማ ነው። ናይክ በ2011 1,500 ጥንድ ሠርቶ በኢቤይ ጨረታ ሸጠ፤ ገቢው ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር ሄደ። እነዚያ ያበራሉ እንጂ ራሳቸውን አያስሩም! የሚያስሩት የ2016ቶቹ ናቸው፤ እነሱም 89 ጥንድ ብቻ። ሻጭህ በገዛ አፉ ተያዘ።

እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ቻርጅ ሳደርገው ግራው ቦግ አለ፣ ቀኙ ጭልም። የሶሉ ሙጫ ጣቴ ላይ ቀረ።

«ከቀረጻው የወጣ ነው» የሚልህ ከመጣ ደግሞ ሶሉን እይ። የዚያ ዘመን ፖሊዩረቴን (ሶሉ የተሠራበት ፕላስቲክ) ሲያረጅ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ትናንት የተሠራ ከመሰለ ጠርጥር።